ቅዳና መልስ፦ ከሳነቴ እስከ ሶፍ ዑመር

አስጎብኚያችን ባትሪውን አጠፋና «ጋሼ፣ እርስዎም ያጥፉት፤ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለን እንቁም» አለኝ። አጠፋሁት። የእህቴ ልጅም ስልኳን ኪሷ ከተተች። እንዲህ ያለ ጨለማ በዕድሜዬ አላየሁም። መብራት በጠፋበት ከተማ እንኳ የሆነ ጭላንጭል አይጠፋም፤ እዚህ ግን ዓይን ተከደነም ተገለጠም ልዩነት የለውም። መጀመሪያ የሰማሁት ዌብን ነው፤ ድንጋይ እየታከከ የሚያልፈውን ወንዝ። ቆየት ብሎ የሌሊት ወፎቹ ክንፍ ተሰማኝ። ከዚያ ከሁሉም ሥር፣ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ሌላ ድምፅ ለየሁ። ድም-ድም። ድም-ድም።

ልቤ ነበር። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ያን ሁሉ ዘመን በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ሲመታ አብሬው ኖሬያለሁ፤ ቆሜ ያዳመጥኩት ግን ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ነው።

አስጎብኚው መልሶ ሲያበራ የባትሪውን አፍ በመዳፉ ሸፍኖት ነበር። ብርሃኑ ጣቶቹን ዘልቆ ወጣ፤ እጁ እንደ ፍም ቀላ፤ የጥፍሮቹ ዙሪያ ሳይቀር ጋለ። «ልጆች ሲመጡ ሁልጊዜ ይህን ነው የማሳያቸው» አለ። የእህቴ ልጅ ነርስ ናት፤ በየቀኑ ደም ታያለች። እሷም ብትሆን አፏን ከፍታ ቀረች።

ጉዞውን ስንጀምር ስለ ደም የማሰብ ሐሳብ አልነበረኝም። ዌብ ከሚነሳበት ከባሌ ተራሮች ተነስቼ ዋሻው ድረስ መውረድ የቆየ ምኞቴ ነው። የእህቴ ልጅ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አብራኝ መጣች፤ «ጋሼ፣ አራት ሺህ ሜትር ላይ ብቻዎን አይወጡም» ብላ። ቦርሳዋ ውስጥ ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ነበራት። እኔ እንደ መጫወቻ ነገር ቆጥሬው ነበር። ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን እሱ ነው።

በአሰላ በኩል ነው የሄድነው። በቆጂን ስናልፍ መኪናው ውስጥ የተነሳው ጨዋታ የታወቀው ነው፤ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ያመጣችው የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፤ ሁሉም ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ የወጡ። ሾፌራችን የጎባ ልጅ ነው። «ደማቸው ነው!» አለ በኩራት። ሁላችንም የምንለው ነው። ደሙ ነው፣ ደሜ ናት፣ ደም ከውኃ ይወፍራል። ቆንጆን ሰው ደም ግባት አለው እንላለን፤ ሳያስቡ ለሚሠሩት ሥራ ደመ ነፍስ የሚል ቃል አለን። ደም ለኛ ዘር ነው፣ መልክ ነው፣ ነፍስ ነው። የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር «ደማቸው መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ደም ሲወለዱ ተሰጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ይሠራል» አለች። ይህች ንግግሯ እስከ መጨረሻው ተከተለችኝ።

ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የስንዴ አገር ነው፤ ዓይን እስኪደክም ስንዴ። ማታ ሆቴል ውስጥ መለኪያውን ጣቴ ላይ ሰካችው፤ 93 አለ። ትርጉሙን ያን ጊዜ ነው ያስረዳችኝ። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ በዓይን የማይታይ። ኦክስጅን የተሸከመ ደም ደማቅ ነው፣ ያራገፈ ደም ጠቆር ይላል፤ ሁለቱ ብርሃኑን የሚውጡበት መጠን ይለያያል። መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚገባውን ደም ቀለም አንብቦ፣ ከመቶ ስንት እጁ ኦክስጅን እንደ ጫነ ይናገራል። መሠረቱን የጣለው ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ። አንድም ጠብታ ሳይፈስ ደም ማንበብ! ያን ማታ ጣቴን ቀይ መብራቱ ላይ እንደ አዲስ ነገር ስመለከተው ቆየሁ።

በማግስቱ ጎባን አልፈን ሽቅብ ወጣን። ደኑ አለቀ፣ አስታው አለቀ፣ ከዚያ ሜዳው ተከፈተ። ሳነቴ። ጅብራዎቹ እንደ ዘበኛ ተራርቀው ቆመዋል፤ ጉሙ በመካከላቸው ይመላለሳል። ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ከመኪናው መንገድ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ቀይ ቀበሮ ደረቱን መሬት ላይ አስተኝቶ ያደባባቸዋል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ እዚህ ሜዳ ላይ ግን እንደ ባለቤት ነው የሚራመደው። ከመኪናው ወርጄ ወደሱ አቅጣጫ አሥር እርምጃ ተራመድኩ፤ ያን ያህል ብቻ። ጉልበቴ ከዳኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ።

መለኪያው 83 አለ። የልብ ምቴ 112። የሾፌራችን 89 ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲጋልብ የመጣ እረኛ አስቁሞ እየሳቀ ይጨዋወታል።

እዚያ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ ከመቶ 21 ያህሉ ታችም ላይም ያው ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ስልሳ በመቶ እንኳ አይሞላም። በአንድ ትንፋሽ ሳንባ የሚያገኘው በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው እኔን ያደረገኝን ነው፤ ትንፋሽ ያበዛል፣ ልብን ያስሮጣል። ሁለተኛው ሥራ ግን ድምፅ የለውም። ኩላሊቶች የኦክስጅኑን ማነስ ያውቃሉ፤ እኔ ኩላሊት የሚያጣራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃሉ፤ መልእክቱ አጥንት ውስጥ መቅኔ ድረስ ይደርሳል፤ መቅኔም ቀይ የደም ሕዋሳትን ማምረቱን ያፋጥናል። በአዘቦቱ ቀን እንኳ በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ያመርታል። እያንዳንዱ ሕዋስ ኦክስጅን ለመጫን ሲል የራሱን አስኳል ሳይቀር አውጥቶ ጥሏል፤ 120 ቀን ያህል ይሠራና ያልፋል። አገልጋይነት እንዲህ ነው።

ሾፌሩ ቱሉ ዲምቱን እየጠቆመ «ዲምቱ ማለት ቀይ ማለት ነው» አለኝ። ቀዩ ተራራ። አፈሩን ዘግኜ አየሁት፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ሲፈራርስ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ የሚሰጠው ቀለም። የደማችን ቅላት ከዚሁ ዘመድ ነው። ቀይ ሕዋስ የሚሞላው ሂሞግሎቢን እያንዳንዱ አራት የብረት ቅንጣት ይዟል፤ ኦክስጅንም የሚሳፈረው እነሱ ላይ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ተሰብስቦ ሦስት አራት ግራም ነው፤ ተለቅ ካለ ሚስማር አይበልጥም። በዚያች ሚስማር ነው የምንተነፍሰው።

የሾፌራችንን 89 ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ማታ ጎባ ላይ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ የእህቴ ልጅ የምታውቀውን አወጣችው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ከኛ ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን ጋር ሆና፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን መረመረች። ዓለም ቀድሞ የሚያውቀው የአንዲስንና የቲቤትን መንገድ ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ቀይ ሕዋሳቸውን አብዝተው፣ ደማቸውን አወፍረው ነው ከፍታውን የቻሉት። የቲቤት ሰዎች ሂሞግሎቢናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደማቸው የሚጭነው ኦክስጅንም አንሶ ይኖራሉ። የሰሜን ሰዎች ሂሞግሎቢናቸው በወንዶች በአማካይ 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ የኦክስጅን ጭነታቸውም 95.3 በመቶ። ያ ቁጥር በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ አይርቅም። ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መልስ ከኢትዮጵያ ወጣ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ጥናቱ ባሌ ደረሰ። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ኦሮሞዎች እዚህ ከፍታ ላይ የሰፈሩት ከ500 ዓመት ወዲህ ነው፤ አማሮቹ ግን በሺህ በሚቆጠር ዘመን ቀድመው ደጋውን ለምደዋል። የባሌ ደገኞች ሂሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሾፌራችን ይህን ሲሰማ «እና የማን ይሻላል?» አለ። ውድድር የለበትም። ቀይ ሕዋስ መብዛት ጭነት ይጨምራል፤ ደሙን ደግሞ ያወፍረዋል፣ ልብም ወፍራሙን ለመግፋት የበለጠ ይለፋል። አንድ ሕዝብ አምስት ሺህ ዓመት ያሰበበትን ጥያቄ ሌላው በአምስት መቶ ዓመት እየመለሰ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ተራራው ሰው ደም ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ እየጻፈ መሆኑ ነው፤ እዚያው በዚያች ማታ፣ ሳላውቀው፣ የእኔ መቅኔም ሥራውን ማፋጠን ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ በፊት የወጡም አሉ። በዚሁ በባሌ ተራሮች፣ 3,469 ሜትር ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ የበረዶ ግግር ባለበት ዘመን ፍልፈል ጠብሰው እየበሉ፣ ስለታም ጥቁር ድንጋያቸውን ከ4,200 ሜትር በላይ እየወጡ እያመጡ። የነዚያ ሰዎች ልብ እዚያ ላይ እንዴት ይመታ ነበር?

ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር በጎሮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ቁልቁል ይንደረደራል፤ ስንዴው ለማሽላ፣ ማሽላው ለግራር ቦታ እየለቀቀ። እነሻያን የመሰሉ የደጋ ወንዞች ሁሉ ተጠራቅመው ዌብን ያበዙታል። ወንዙ ጭቃማ ቀይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ወገን። ከዚያ ድንገት መሬቱ ይሰነጠቅና የኖራ ድንጋይ ገደል ይመጣል፤ ወንዙ ፊት ለፊት የቆመውን ተራራ አይዞርም፣ ይገባበታል።

ሼህ ሶፍ ዑመር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከደረሶቻቸው ጋር እዚህ ተጠልለው ይሰግዱ እንደነበር ነው የሚነገረው፤ ምእመናን ዛሬም ይመጣሉ። ወደ ውስጥ ስንገባ አስጎብኚው ጫማውን አውልቆ ለጥቂት ጊዜ ዱዓ አደረገ፤ እኛም ቆመን ጠበቅነው። የዋሻው መተላለፊያዎች ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። የምሰሶዎቹ አዳራሽ ስንደርስ ባትሪው ጣራውን አልደረስ አለ። ሃያ ሜትር ያህል የቆሙ ዓምዶች፣ ማንም ያልጠረባቸው፣ ውኃ ብቻ የላሳቸው።

ዓምዶቹ ሥር ተቀምጠን ስናርፍ የእህቴ ልጅ የአስጎብኚውን ሻሽ ተቀበለችና ክንዱን ከክርኑ በላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ጎልማሳና ለፍቶ አዳሪ ክንድ ነው፤ ደም ሥሮቹ ወዲያው ገመድ አከሉ፤ በመካከላቸውም እዚህም እዚያም ትናንሽ እብጠቶች፣ እንደ ሸንበቆ አንጓ። «እነዚህ በሮች ናቸው» አለች። አንዱን ደም ሥር በጣቷ ተጫነች፤ በሌላው ጣቷ ደሙን ወደ ላይ፣ ከአንጓው በላይ ጠረገችው። ደም ሥሩ ባዶ ሆኖ ሰመጠ። ከላይ ወደ ታች ልትመልሰው ሞከረች፤ አንጓው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አሻፈረኝ አለ። የታችኛውን ጣቷን ስታነሳ ደሙ ከታች ሽው ብሎ ሞላው። አስጎብኚው የራሱን ክንድ እንደ ሌላ ሰው ክንድ አየው። «ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው!»

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 መጽሐፉ ውስጥ ያሳየው ይህንኑ ነው። ከሱ በፊት አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ያህል የገዛው የጥንቱ ሐኪም የጋሌን ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት ደም ጉበት ውስጥ ከምግብ ይሠራል፤ በሰውነት ላይ እንደ መስኖ ይፈስና እዚያው ይጠጣል፤ አይመለስም። ልክ እንደ ዌብ፤ ወርዶ ከገናሌ ይቀላቀላል፣ ጁባ ተብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ሃርቪ ግን ሒሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት የምትገፋውን ትንሽ መጠን በምቷ ብዛት ቢያባዛው፣ በግማሽ ሰዓት የሚወጣው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ በለጠ። ዛሬ የምናውቀው ቁጥር ከሱ ግምት ይበልጣል፤ ቁጭ ባለ ሰው በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል፣ በቀን ወደ 7,000 ሊትር። ይህን ሁሉ ከየትኛው እንጀራ ይሠራል? ደሙ ራሱ ተመልሶ መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ የአማርኛችን ነገር ልቤን ይነካኛል። ከልብ የሚወጣውን ሥር ደም ቅዳ አልነው፤ ወደ ልብ የሚገባውን ደም መልስ። ሃርቪ መጽሐፍ የጻፈበትን ነገር ስሙ ውስጥ ተሸክመነው እንሄዳለን።

ሌላም ነበር። ጋሌን ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው መካከላቸው ባለው ግድግዳ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች እየሰረገ ነው ይል ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ የዋሻው ግድግዳ ላይ ላብ የመሰለ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። በኖራ ድንጋይ ሆኖ ቢሆን ጋሌን ልክ ነበር! እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ ግን የለም አለ። ግድግዳው ድፍን ነው፤ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው ወደ ግራው የሚመለሰው። ከሃርቪ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ። የዚህ ጽሑፉ ግልባጭ በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም እስኪያገኘው ድረስ በሰፊው አይታወቅም ነበር። አስጎብኚያችን የኢብን አል ነፊስን ስም ሦስት ጊዜ አስደገመን፤ በቃሉ ለመያዝ።

እኔ ያልጠበቅኩት የመጨረሻው ነገር ድንጋዩ ራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም የሞላበት ነው፤ ድሮ ይህን አገር ሸፍኖ የነበረ ባሕር ወለሉ ላይ ያከማቸው። ዌብ እያሟሟው ነው ዋሻውን የቆፈረው። ሲድኒ ሪንገር የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ ከሰውነቷ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ ያስመታ ነበር። ልቧ ለረጅም ሰዓት መታች። ኋላ ሲያጣራ ረዳቱ የተጣራ ውኃ መጠቀም ሲገባው የቧንቧ ውኃ ቀድቶ ኖሯል። በተጣራው ውኃ ሲደግመው ልቧ እየደከመች ሄዳ ቆመች። የለንደን ቧንቧ ውኃ የኖራ ውኃ ነበር። ያለ ካልሲየም ልብ አትመታም፤ እያንዳንዱ ምት የሚጀመረው ጥቂት ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ ሲገባ ነው። እጄን ዓምዱ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ። ላይ ተራራው ብረት፣ ታች ዋሻው ኖራ፤ ደሜን የሚያቀላውና ልቤን የሚያስመታው። መብራቱን እናጥፋ የተባልነው ከዚህ ጥቂት እልፍ ብለን ነው።

በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። መለኪያው 96 አለ፤ ልቤም 78። መንደሩ ውስጥ አንዲት እናት ቡና ቀላ አቀረቡልን፤ ቡናው በቅቤ እየተንጨረጨረ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የልጅ ልጃቸው፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የእህቴን ልጅ መሣሪያ ሲያይ ጣቱን ዘረጋ። 97። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ ሴትየዋ። የእህቴ ልጅ «እማማ፣ ደሙ ስንት አየር እንደ ጫነ ነው የሚናገረው» አለቻቸው። አስጎብኚው በኦሮምኛ አስፋፍቶ ነገራቸው። እሳቸውም የልጁን እጅ ይዘው ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ የራሳቸውን ጣት ሰጡ።

ልጁ በዚህ መካከል ባትሪዬን አንስቶ መዳፉን የባትሪው አፍ ላይ ደፍኖ ነበር። በፀሐይ ምንም አልታየውም። ቀና ብሎ አስጎብኚውን አየው፣ አስጎብኚውም በአገጩ ወደ ዋሻው ጠቆመው። ባዶ እግሩን እየሮጠ ሄደ። የዋሻው ጥላ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ቀይ እጅ ጨለማው ውስጥ በራች።